ፈረሱና ፈረሰኛው ከአንድ ጎተራ

ስለ ፈረስ ሲወራ ጎጃም ብዙ የሚናገረው አለው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የፈረስ ስም አባ ጠና መሆኑን ነግሮ፣ ከዚያ የነአባ ዳኘውን፣ የነአባ ነጋን፣ የነአባ መላን ስም አከታትሎ የሚጠራ ሽማግሌ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ አይታጣም። የኮርቻው ጌጥ፣ የግላሱ ቀለም፣ የጋላቢው አቀማመጥ ሳይቀር ይተረካል። ግን ያ ሁሉ ፈረሰኛ ሜዳ ላይ ሲውል ምን በላ? ማን አዘጋጀለት? በምን ተሸክሞት መጣ? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችንም ቢሆኑ ከጦር ሜዳው ዘለው ግብር አዳራሽ ይገባሉ እንጂ በመካከሉ ያለችውን አገልግል ከፍተው አያዩም።

አገልግሏ ብትከፈት የሚገኘው ነገር ሲያዩት ተራ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ምናልባት ትንሽ ማር። ታሪኩ ግን ተራ አይደለም። ዛሬ በከተማ መደብሮች “ጤናማ”፣ “ተፈጥሯዊ”፣ “አካባቢን የማይጎዳ” የሚል ጽሑፍ በታተመበት ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ዓይነት መክሰስ፣ የግሽ ዓባይና የአካባቢው ሰው ለፈረስ ጨዋታ እንግዶቹ ሲያቀርብ የኖረው ስሙን ሳያውቀው ነው። ያቀረበውም በጎ ፈቃድ ስለነበረው ብቻ አይደለም። ፈረሱ የሚበላውና ፈረሰኛው የሚበላው ከአንድ ማሳ ተነስቶ ወደ አንድ ጎተራ ስለሚገባ ነው። የዛሬው ጭንቀትም ከዚሁ ይጀምራል። ማሳው ሲለወጥ ሁለቱም አብረው ይጎድላሉ።

በመጀመሪያ ወሩን እንመልከት። የፈረስ ወር ጥር ነው። ጥር 11 ቀን ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ ሜዳው ለጉግስ ይለቀቃል። በማግስቱ ቃና ዘገሊላ ነው። ጥር 13 ቀን ደግሞ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ስለሆነ የዓባይ ምንጭ ወዳለባት ወደ ሰከላዋ ግሽ ዓባይ የሚጎርፈው ሰው ብዙ ነው። ጥር 23 ቀን በጊዮርጊስ ዕለት፣ ከዚያው ደጋ ማዶ እንጅባራ ላይ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሰኞች ይሰበሰባሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ወር የተከማቸው በአጋጣሚ አይደለም። ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ የገባበት ጊዜ ነው። የጥቅምትና የኅዳር ማር ከቀፎ ወጥቷል። ምድሩ ደርቆ ለግልቢያ ጠንክሯል። ፈረሱም የአጨዳውን ቃርሚያ ግጦ ወገቡ ሞልቷል። ፈረስ የሚጋለበው እህል ሲኖር ነው፤ እንግዳ የሚጠራውም እንዲሁ።

ስለዚህ በጥር ሜዳ ላይ የሚቀርበው ምግብ ከሠርግ ድግስ ይለያል። ወጥ የለውም፤ ትሪ ከቦ መቀመጥ የለም። ፈረሰኛው አንድ እጁ ልጓም ላይ ነው። በግራ ቀኝ የተሰለፉት ሁለት ወገኖች እየተሳደዱ ዘንግ ሲወራወሩ፣ በጋሻ ሲመክቱ፣ ዙር ጨርሶ የወጣው ከፈረሱ ሳይወርድ ወይም ወርዶ የፈረሱን አንገት እያሻሸ የሚቆነጥረው ነገር ያስፈልገዋል። በእጅ የሚበላ፣ ቢወድቅ የማያበላሽ፣ ፀሐይ የማያኮመጥጠው፣ ሆድ የማይነፋ መሆን አለበት። ፈረስ ልጠቅ ሲባል ገብስ እንደማይጠግብ ጋላቢ ሁሉ ያውቃል፤ ጠግቦ የተጋለበ ፈረስ ሆዱን ይቆርጠዋል። ጋላቢውም ከዚያ የተለየ አይደለም። ብዙ የሚበላው ማታ፣ ሁለቱም ከበረዱ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ምግብ ግን ለበዓል ብሎ የፈጠረው የለም። ከጦር ስንቅ የወረደ ነው።

ድሮ ወታደር ደሞዝም ሆነ ቀለብ ከመንግሥት እጅ የሚቆጠርለት አልነበረም። ክተት ሲባል ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ስንቅ ማለት ደግሞ እሳት ሳይነድ የሚበላ ማለት ነው፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። በነገራችን ላይ ይህች “ድርቆሽ” የምትባል ቃል ልብ ትባል። ለሰው ስትሆን ደርቆ የተቆራረሰ እንጀራ ናት። ለፈረስ ስትሆን የደረቀ ሣር ናት። አማርኛው ለጋላቢውና ለተጋላቢው ስንቅ ሁለት ቃል ማውጣት አላስፈለገውም።

የስንቅን ነገር ለማቃለል የሚቃጣው ሰው ቢኖር ዐድዋን ያስታውስ። በየካቲት 1888 ዓ.ም ሁለቱም ጦሮች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ሲቀመጡ የሁለቱም ጠላት ረሃብ ነበር። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከየትም አገሩ ለወራት ተጉዞ የመጣው የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ከቤቱ የያዘውን ጨርሶ ባካባቢው ያለውንም አሟጦ ነበር። ጥቂት ቀን ቢቆይ ሰፈሩን ነቅሎ መመለስ ግድ ይሆንበት ነበር። የጄኔራል ባራቲየሪም ጦር ስንቁ እያለቀ ስለነበር ነው ጄኔራሉ በመጨረሻው ሰዓት ወደፊት ለመራመድ የወሰነው። የካቲት 23 ቀን የሆነው ሁሉ የሚያውቀው ነው። “ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይባላል። ፈረሱንም ፈረሰኛውንም እዚያ ያደረሳቸው ግን በአቁማዳና በስልቻ የታሰረው የገብስ ዱቄት ነው። ያንን ዱቄት የፈተጉ፣ የቆሉና የፈጩ እጆች ስም የላቸውም። ፈረሱ እንኳ አባ እገሌ ተብሎ በታሪክ መጽሐፍ ሲመዘገብ በሶውን ያዘጋጀችው ሴት ስሟ አልተጻፈም። ይኸንን ጉድለት ዛሬ መሙላት አይቻል ይሆናል። ጉድለት መሆኑን ማወቅ ግን ይቻላል።

ሥራው ቀላል እንዳይመስል። ገብሱ ይለቀማል፣ ውኃ ይነካል፣ በሙቀጫ ይፈተጋል፣ እብቁ ይነፈሳል። ከዚያ ምጣድ ላይ ይቆላል። እዚህ ላይ ከቆመ ቆሎ ነው፤ ሱፍ ወይም ሽምብራ ይጨመርበታል። ካለፈ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ በሶ ይሆናል። በሶው በውኃና በጨው ሲታሽ ጭብጦ ይባላል፤ ማር ያለው በማር ያሸዋል፤ ጾም ካልሆነ ቅቤ ይገባበታል። ቀጠን ተደርጎ ሲበጠበጥም ይጠጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እሳቱ የሚነደው አንድ ጊዜ፣ ቤት ውስጥ ነው። ሜዳው ላይ ጭስ የለም፣ እንጨት አይፈጅም፣ ማሞቂያ አይፈልግም። ዱቄቱ ወራት ይቀመጣል። ሲፈተግ የወጣው እብቅ ለከብት ይሆናል፤ ገለባው ፈረሱ ፊት ይወድቃል። የሚጣል ነገር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

የገብሱ ዘርም ራሱ ለዚህ ሲባል የተመረጠ ነው። በሰሜኑ የአገራችን ደጋ ገበሬው ለጠላ የሚሆነውን፣ ለእንጀራ የሚሆነውን፣ ለቆሎ የሚሆነውን ገብስ ለይቶ ያውቃል። “ሰነፍ ቆሎ” የሚባል አለ። ልብሱ በቀላሉ ስለሚወልቅ ብዙ ፍተጋ አይጠይቅም፤ ሰነፍ ሴትም ቆሎ ታደርሰዋለች ለማለት ነው ስሙ የወጣለት። (ስሙን ያወጣው ሙቀጫ ያልጨበጠ ወንድ ሳይሆን አይቀርም።) ሩሲያዊው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም በበቅሎ ከመሐል አገር እስከ ሰሜን ተጉዞ ዘር ሲሰበስብ እጅግ ያስደነቀው የገብሳችንና የስንዴያችን ዓይነት መብዛት ነበር። ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከሎች አንዷ ብሎ እስከ መመደብ ያደረሰውም ይኸው ነው። “ገብስ የእህል ንጉሥ” የሚለውን አባባል ግን ገበሬያችን ቫቪሎቭን ሳይጠብቅ ብሎታል።

ንጉሥነቱ በሁሉም አገር አልጸደቀለትም። በጥንቱ የሮማ ሠራዊት ያጠፋ ወታደር ከሚቀጣበት መንገድ አንዱ በስንዴ ፈንታ ገብስ እንዲሰፈርለት ማድረግ ነበር። ከፈረስና ከበቅሎ እኩል ተቆጠርህ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰንም በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላቱ ሲናር የሚባለውን እህል ሲፈታ፣ በእንግሊዝ የፈረስ፣ በስኮትላንድ ግን የሰው ምግብ ነው ብሎ ስኮቶችን ሸንቆጥ አድርጓል። የጆንሰን ነገር እኛንም ይነካል። የጀስዊቱን የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ፣ በኋላም ራሴላስ የተባለውን የሐበሻ ልዑል ታሪክ የጻፈ እሱ ነው። ወደ ግሽ ዓባይ መጥቶ ምንጩን ያየው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ስኮት ነበር። ሁለቱ በ1775 ተገናኝተዋል፤ ጆንሰን በተጓዡ እምብዛም አልተደነቀም።

በሌላ ወገን ቲቤትን እንይ። እዚያ ከፍታው ከእኛም ይብሳል። የሚበቅለው ገብስ ነው። ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ጻምፓ ይባላል። በቅቤ በተመታ ሻይ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በጣት እየታሸ ተጠቅልሎ ይበላል። በየበጋው በሊታንግና በናግቹ ሜዳዎች የፈረስ በዓል ሲደረግ ፈረሰኛውና ተመልካቹ የሚይዘው ስንቅ ይኸው ነው። ከእኛ ጭብጦ ጋር አስቀምጦ የሚለያቸው ሰው ጎበዝ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች አልተማማሩም። ደጋ፣ ገብስና ፈረስ በተገናኙበት ሁሉ መልሱ ተመሳሳይ ሆነ እንጂ።

ብሩስን ካነሳን ዘንድ ትንሽ እንቆይበት። ፖርቱጋሎችን ተከትሎ የመጣው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን ያየው በ1618 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ብሩስ የደረሰው ከአንድ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነበር፤ በእኛ ጥቅምት 1763 ዓ.ም መሆኑ ነው። ወደ ግሽ የመጣው በፈረስ ነው፤ ደኅንነቱን የጠበቀለትም ፈረስ ነው። የዳሞቱ ገዥ ፋሲል የራሱን ፈረስ ሲሰጠው አንድ ነገር አሳሰበው። እንዳትቀመጥበት፣ እንደ ተጫነና እንደ ተለጎመ ፊት ፊትህ ይነዳ፣ ያንን ፈረስ ያየ የሜጫ ሰው አይነካህም አለው። ራስ ሚካኤል ስሑል ቤቱን ያቃጠለበት ሰው በየመንገዱ ቂም ይዞ ነበርና። ባዶ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ እንደ ይለፍ ወረቀት ሆኖ እንግዳን ግሽ ድረስ ሸኘ። እንግዳ አክባሪነትና ፈረስ በዚህ አገር ስንት ዘመን አብረው እንደ ኖሩ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

ብሩስ ምንጩ ላይ ሲደርስ በኮኮነት ቅል ውኃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሳልሳዊ ጤና ጠጣ። ይህ በብዙ መጽሐፍ ተደጋግሞ ተጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ዳሞት አገዎች ሲጽፍ ጎንደርን የሚቀልቡት እነርሱ መሆናቸውን ይናገራል። ሺህም ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ፣ ተራ በተራ፣ ማርና ቅቤ፣ ስንዴና ሰም፣ ቆዳና ከብት ይዘው ወደ ከተማይቱ ይወርዳሉ። ቅቤው ያን ያህል ቀን ተጉዞ እንዳይበላሽ መቅመቆ ከሚባለው ተክል ቢጫ ሥር ጥቂት ይጨምሩበታል ይላል። እነሆ በአሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት ከዚሁ ደጋ የሄደ፣ ያለ ጨውና ያለ ፋብሪካ መድኃኒት የሚጠበቅ የምግብ ንግድ ነበር ማለት ነው። መቅመቆ ዛሬም በየገበያው ይሸጣል፤ ቅቤ ለማንጠርም ለመድኃኒትም ይውላል። አውሮጳ ግን ከብሩስ አምስት ቅጽ መጽሐፍ መርጣ የያዘችው ከቁም ከብት ሥጋ ተቆርጦ ይበላል ያለውን ወሬ ነው። ሊያሾፉበትም ሊያወግዙትም የተመቸ እሱ ነበር። ስለ ቅቤና ስለ መቅመቆ የጻፈው አንባቢ ሳያገኝ ቀረ።

እነዚያው አገዎች ናቸው የዛሬውን ትልቅ የፈረስ በዓል የሚያደርጉት። ሰባት ቤት አገው ይባላሉ። በተረክ ከላስታ ከመጡ ሰባት ወገኖች የወረዱ ናቸው፤ ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ቋኩራ፣ ጫራ፣ መተከል። የፈረሰኞች ማኅበራቸው የተቋቋመው በ1932 ዓ.ም ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ጣልያን ገና አገሩን አልለቀቀም። በዐድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶች ለማሰብ በጊዮርጊስ ዕለት መሰብሰብ በዚያን ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። በ2012 ዓ.ም ሰማንያ ዓመት ሞላው። ማኅበሩ ለትርኢት ብቻ የቆመ አይደለም። የሞተን ይቀብራል፣ የታመመን ይጠይቃል፣ የተጣላን ያስታርቃል። በዚያ ደጋ ፈረስ ማለት ያርሳል፣ እህል ወፍጮ ያደርሳል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ለቅሶ ያደምቃል። በሌላው የአገራችን ክፍል በሬ የሚስበውን ሞፈር በአዊ ደጋ ፈረስ ሲስበው ያየ መንገደኛ ይደነቃል። ኢትዮጵያ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፈረስ ይዛ ከአፍሪካ አንደኛ የሆነችው በሰልፍ ፈረስ አይደለም፤ በእንዲህ ያለው የሥራ ፈረስ ነው።

ለጥር 23 የሚመጣው ፈረሰኛ ከየወረዳው ዋዜማውን ይነሳል። አንዳንዱ የመንገድ ላይ ዘመድ ዘንድ ያድራል። በደረሰበት ቤት አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ፈረሱ ነው። ፈረሱ ሣርና ገብስ ሳይቀርብለት ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ጠላ ቢይዝ ነውር ነው። ከዚያ ለሰውየው ዳቦ ይቆረሳል። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ ሰፌድ ላይ የተዘረጋ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች ከቃሪያ ጋር። ድንቹ የኋላ ዘመን እንግዳ ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር በ1850 ዓ.ም ገደማ ወደ አገራችን አስገባው ይባላል፤ ዛሬ ከሰከላ እስከ ባንጃ ባለው ደጋ ያለ እሱ ጓሮ የለም። ጠላው በጌሾ የተጠነሰሰ ነው፤ ወደ ቆላው ሲወርዱ ዳጉሳ ይገባበታል። ለማይጠጣው ብርዝ አለ። ብርዝ ማለት ማር በውኃ ነው። ልጅም፣ ካህንም፣ የቡሬ ሙስሊም ነጋዴም እኩል ይጠጣዋል።

እዚህ ላይ የጾምን ነገር ማለፍ አይቻልም። ጥር 23 ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ የሚውልበት ዓመት አለ። ያን ዕለት የጥሬ ሥጋው ድግስ፣ የቅቤው ወጥ፣ የወተቱ ነገር ሁሉ አይነሳም። ቆሎና በሶ ግን ጾምና ፍስክ አያውቁም። የአንዱ እምነት የሚበላውን የሌላው የማይበላበት ጊዜም አለ፤ ሥጋ የሚያለያየውን ሰው አንድ ሰፌድ ላይ እጁን የሚያገናኘው ቆሎ ነው። አስተናጋጅ የሆነ ሰው፣ ማን ምን ይበላል ብሎ መጨነቅ የሚቀርለት በዚህ ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ቆሎና በሶ የማጣት ምልክት ተደርገው ስለሚታዩ፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ ከፊት ገለል የሚደረጉት እነርሱ ናቸው። ፊደል ስንቆጥር ከምናውቃቸው ሰዎች የመጀመሪያው በሶ የሚበላው አበበ ነው። አበበ ያደገ ዕለት ግን በሶውን ደበቀው።

ለምን ደበቀው? አስፋልቱ ሲመጣ የታሸገ ብስኩትና የጠርሙስ ለስላሳ አብሮ መጣ። የቆሎ እርሻ እንጂ የብስኩት እርሻ ስለሌለ ብስኩቱ ዘመናዊ መሰለ። የክብር እንግዳ ድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የሚደረደረው በፕላስቲክ የታሸገ ውኃ፣ ባለ ስኳር መጠጥና የፋብሪካ ኬክ ነው። ያ ጠረጴዛ የተዘረጋው ደግሞ ከዓለም ውስጥ ዓባይን ያህል ወንዝ በሚመነጭበት ደጋ ላይ ነው! በዓሉ ሲያልፍ ሜዳው ላይ የሚቀረው ሃይላንድና ፌስታል ነው። በማግስቱ ሜዳውን የሚግጡት እነዚያው ፈረሶች ናቸው። ፌስታል የዋጠ ከብት ምን እንደሚሆን እረኛ ይንገራችሁ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ ጥሩ ነው፤ ሆኖም አዋጅ ሰፌድ አይሰፋም፣ ቆሎም አይቆላም።

ይህ እንኳ ቢታሰብበት የሚመለስ ነገር ነው። የድግሱ ኮሚቴ ገንዘቡን ከማከፋፈያ ሱቅ ወደ መንደሩ ሴቶች ቢያዞረው በአንድ ዓመት ይለወጣል። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በሶው ቀደም ብሎ ይታዘዝ፣ የፍተጋውና የቁሊያው ድካም ደኅና ዋጋ ይከፈልበት። ውኃው በእንስራና በማድጋ፣ መጠጫው በቅልና በዋንጫ ይሁን፤ ንጽሕናው ከተጠበቀ ደግሞ የተፈላ ውኃ ከሃይላንድ የሚያንስበት ምክንያት የለም። ቆሎው በትንንሽ ሰፌድ ለክቡር እንግዳውም ለፈረስ ያዡም ልጅ በእኩል ይዙር። ድሮ በስንቅ ዘመን ራሱም ሆነ ወታደሩ የሚቆረጥመው ቆሎ አንድ ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው ማታ ድንኳን ሲተከል ነው።

የማይመለሰው ሌላ ነው። ከፋግታ ለኮማ ጀምሮ በአዊ ደጋ ላይ፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ዲከረንስ የሚሉት የአውስትራሊያ ግራር ማሳውን ሸፍኖታል። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይዘራል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ከሰሉ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይገባል። የገበሬው ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ልጁ ከተማ ተምሮ የጨረሰው በዚሁ ነው። የተራቆተው መሬትም አገግሞበታል። ስለዚህ “ዛፉን ንቀል፣ ገብስ ዝራ” ብሎ ከከተማ ሆኖ መምከር እኔ አይቻለኝም። ገብስ ያን ያህል አያበላም። ነገር ግን ሒሳቡ የተሟላ እንዲሆን የጎደለውም ይጻፍ። ግጦሹ ጠቧል። የገብሱ ማሳ ቀንሷል። ፈረስ ለማኖር ሣር መግዛት የጀመረ ሰው አለ፤ በሶ ለማድረግም ገብስ ከገበያ ይገዛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዲከረንሱን ራሱን በሽታ እየመታው፣ ያ ሁሉ ማሳ በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ገበሬው በዓይኑ አይቷል።

በዚህ ላይ ክልሉ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ የገባበት ጦርነት አለ። መንገድ በሚዘጋበት፣ ሰው ከቀዬው ወጥቶ በሰላም መመለሱ በማይታወቅበት ወቅት ስለ ፈረስ በዓል መክሰስ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። አይመስለኝም። መኪና በማያልፍበት ቀን ጭነት የሚያልፈው በጀርባ ነው፤ ገበያ በሚዘጋበት ሳምንት የሚበላው ጎተራ ውስጥ ያለው ነው። ስንቅ የተፈለሰፈው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነበር።

ገብስ የሚዘራው በግንቦትና በሰኔ ነው። የዲከረንስ ችግኝም የሚተከለው በዚያው ክረምት ነው፤ ሁለቱ የሚሻሙት አንድ ዝናብና አንድ ማሳ ነው። ስለዚህ በመጪው ጥር ሜዳ ላይ ምን እንደሚቀርብ፣ ስንት ፈረስም እንደሚሰለፍ የሚወሰነው ኮሚቴው ድንኳን ሊከራይ ሲወጣ አይደለም። ያኔ ነገሩ ካለቀ ሰባት ወር አልፎታል።